ልክ የሚሆን ካልሲ በእጅ እንዴት ይሠራል? ከአፉ እስከ ጣቱ

ሹራብ ከሚሠሩ ወዳጆች ጋር ፎቶ መላላክ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል፦ «ተረከዙ እንዴት ነው የሚዞረው?» ፎቶውን ከፍቼ ሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተረከዙ ምንም አልሆነም። የተበላሸው ከሱ በፊት ያለው ነው። አፉ ጠቦ እግር አላስገባ ብሏል፣ ወይም ጨርቁ ልል ሆኖ ካልሲው ተንዘላዝሏል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ልጻፈው። ተረከዙንም እናዞረዋለን፣ ግን ተራውን ጠብቆ።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ፤ ሰው ሁሉ የየራሱ አጠራር አለው። መርፌው ላይ የተንጠለጠለውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት «ዓይን» እለዋለሁ። ክሩ ከኋላ ሆኖ የሚሠራው «ቀጥ» ነው፤ ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራው «ግልብጥ»። ሳይሠሩት ከአንዱ መርፌ ወደ ሌላው ማዛወር «ማሳለፍ» ነው። በክብ ሲሠራ «ዙር»፣ እየተመለሱ ሲሠራ «መስመር» እላለሁ። ቀጥና ግልብጥ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ይበቃል። ሁለቱን ገና ካልለመዳችሁ ግን በሻርፕ ጀምሩና ተመለሱ፤ ካልሲው የትም አይሄድም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቀጭን የካልሲ ክር፣ 100 ግራም። ርዝመቱ 400 ሜትር አካባቢ ይሁን። ብዙ አምራቾች መለያ ወረቀቱ ላይ የክር ጥቅል ሥዕል ያደርጉና ውስጡ የውፍረት ቁጥር ይጽፋሉ፤ የኛው ቁጥር 1 ነው። ቅይጡ 75 ከመቶ ሱፍ፣ 25 ከመቶ ናይለን ቢሆን ለጀማሪ ከሱ የተሻለ የለም። ሱፉ ተለጥጦ ይመለሳል፣ ናይለኑ ደግሞ ተረከዙ ቶሎ እንዳይሳሳ ይይዘዋል።
- በሁለቱም ጫፍ ሹል የሆኑ 5 መርፌዎች፣ ውፍረታቸው 2.5 ሚሊ ሜትር። አራቱ ዓይን ይይዛሉ፣ በአምስተኛው ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ግዙ። ብረቱ ፈጣን ነው፤ ግን ዓይኖቹ ተንሸራተው ሲወርዱ ልብ ያወርዳል።
- 2.25 እና 2.75 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ ከተገኘ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ታያላችሁ።
- ጫፉ ዱልዱም የሆነ፣ ዓይኑ ሰፊ የመስፊያ መርፌ።
- ሜትር፣ መቀስ፣ ምልክት ማድረጊያ ትናንሽ ቀለበቶች። ቀለበት ከሌለ የሌላ ቀለም ክር ቋጥራችሁ ተጠቀሙ፤ እኔ እስካሁን የምጠቀመው እሱን ነው።
- ወረቀትና እርሳስ። ይሄን የሚንቁ ሰዎች ሁለተኛው ካልሲ ላይ ያለቅሳሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ንጹሕ ጥጥ ለመጀመሪያ ካልሲ አትምረጡ። ጥጥ ተለጥጦ በራሱ አይመለስም፤ ካልሲው ጠዋት ልክ ሆኖ ማታ ጫማ ውስጥ ይጠቀለላል። ጥቁርና በጣም ጥቁር ሰማያዊ ክርም ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ ዓይኖቹ አይታዩም፣ ማታ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ሁለት ባለ 50 ግራም ጥቅል ከሆነ የምትገዙት፣ መለያው ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ቀለሙ አንድ ቢመስልም በሁለት ቀን የተነከረ ክር እግር ላይ ሲደረግ ልዩነቱ ይታያል።

አሠራሩ

1. እግሩን ለኩ።

ሦስት ልኬት ነው የሚያስፈልገው። አንደኛ፣ ከጣቶቹ ሥር ያለው ሰፊው ቦታ ዙሪያው ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ስንት ነው? ለዚህ ቆማችሁ ለኩ፣ እግር ሲረግጥ ይረዝማል። ሦስተኛው ሰው ሁሉ የሚረሳው ነው፤ ሜትሩን ከተረከዙ ጫፍ አስነስታችሁ በእግሩ መታጠፊያ በኩል አዙሩት። ካልሲ ሲለበስ የሚያልፍበት ከሁሉ የሰፋው ቦታ እሱ ነው። አፉ እስከዚያ ድረስ ካልተለጠጠ ካልሲው አይገባም፣ በቃ።

2. የሙከራ ቁራጭ ሥሩ።

ማንም የማይወደው ደረጃ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ዘልዬው ነው የመጀመሪያ ካልሲዬን የሠራሁት። ውጤቱ ለትልቅ ሰው ብዬ የጀመርኩት የሕፃን ካልሲ ሆነ።

40 ዓይን ጀምሩና ቀጥ ብቻ ሥሩ። ካልሲው በክብ ስለሚሠራ ቁራጩም እንደሱ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው ግልብጥ ሲሠራ እጁ ይላላል፣ ስለዚህ እየተመለሱ የተሠራ ቁራጭ ይዋሻል። ቀላሉ ዘዴ ይሄ ነው፦ መስመሩ ሲያልቅ ሥራውን አታገላብጡ። ዓይኖቹን ወደ መርፌው ሌላኛው ጫፍ አንሸራትቱ፣ ክሩን ከጀርባ በኩል ልል አድርጋችሁ አምጡና እንደገና ቀጥ ጀምሩ። ጀርባው ላይ የተዘረጋ ክር ይበዛል፤ ችግር የለውም። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ መሐሉ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሩ።

የምንፈልገው 32 ነው። ከ32 ካነሰ እጃችሁ ልል ነው፤ ወደ 2.25 መርፌ ውረዱ። ከበለጠ ወደ 2.75 ውጡ። እጃችሁን ለማጥበቅ ወይም ለማላላት አትታገሉ፣ መርፌውን ቀይሩ። እጅ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

«አራት ዓይን ምን ያደርጋል?» ለሚሉኝ ሒሳቡ እነሆ። 64 ዓይን ያለው ካልሲ በ32 ልኬት ዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ያው 64 በ28 ልኬት 23 ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሦስት ሳንቲ ሜትር ለካልሲ የልክና የልል ልዩነት ነው። ልል ጨርቅ ደግሞ መስፋቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ክሮቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ቶሎ ይሳሳል።

3. የዓይኖቹን ቁጥር አስሉ።

ካልሲ ከእግሩ ጠበብ ማለት አለበት፤ ተለጥጦ ነው እግር የሚይዘው። ከእግሩ ዙሪያ 10 ከመቶ ቀንሱ። የቀረውን በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ባለው ዓይን አባዙ። ከዚያ ለ4 ወደሚካፈለው ቅርብ ቁጥር አስጠጉት።

ለምሳሌ የእግሩ ዙሪያ 22 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። 10 ከመቶ ሲቀነስ 19.8። በ3.2 ሲባዛ 63 ከምናምን። 64 እንላለን። በዚሁ ልኬት ዙሪያው 20 ለሆነ እግር 56፣ 24 ለሆነ ደግሞ 68 ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በ64 የተሰላ ነው።

4. መነሻውን ሥሩ።

80 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራ ክር ትታችሁ 64 ዓይን ጀምሩ። እዚህ ነው ብዙ ካልሲ የሚሞተው። ሰዎች መነሻውን ልል ለማድረግ እያንዳንዱን ዓይን ያሰፋሉ፤ የሚለጠጠው ግን ዓይኑ አይደለም። በአንዱ ዓይንና በሌላው መካከል ያለው ክር ነው። ስለዚህ ዓይኖቹን አታጠጋጉ። አንዱን ከሠራችሁ በኋላ የሚቀጥለውን ከሱ ትንሽ አርቃችሁ፣ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትታችሁ ሥሩ።

ሲያልቅ ሞክሩት። ጠርዙን በሁለት እጅ ሳቡ። ደረጃ 1 ላይ የለካችሁት ሦስተኛው ልኬት ድረስ (ጠርዙ ገና በክብ ስላልተገናኘ ሙሉው ነው) ካልተለጠጠ ፍቱት። አሁን መፍታት አምስት ደቂቃ ነው። ካልሲው ካለቀ በኋላ ግን ማልቀስ ነው።

5. በክብ አገናኙ።

ዓይኖቹን በአራቱ መርፌ 16፣ 16 አድርጋችሁ አካፍሉ። ጠረጴዛ ላይ በካሬ ዘርጓቸውና የመነሻው ጠርዝ በሁሉም መርፌ ላይ ወደ ውስጥ መመልከቱን እዩ። አንድ ቦታ እንኳ መርፌው ላይ ከተጠመዘዘ ካልሲው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ይቀራል። ማስተካከያ የለውም፤ መፍታት ብቻ ነው። አይታችሁ ስትጨርሱ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩ።

በአምስተኛው መርፌ የመጀመሪያውን ዓይን ስትሠሩ ክሩን ጠበቅ አድርጉ። የዙሩ መጀመሪያ ላይ ምልክት አስቀምጡ። የጭራው ክር ያለበት ቦታ የዙር መጀመሪያ ነው ብላችሁ ብታስታውሱትም ይሆናል።

6. ላስቲኩን ሥሩ።

2 ቀጥ፣ 2 ግልብጥ እያደረጋችሁ 15 ዙር ሂዱ። ቀጡና ግልብጡ ሲፈራረቁ ጨርቁ እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል፤ ካልሲውን ቅልጥም ላይ የሚይዘው ይሄ ነው። ሦስት ዙር እስኪሆን ድረስ ሥራው ጃርት ይዛችሁ የምትታገሉ ይመስላል። አይዟችሁ፣ ከዚያ በኋላ መርፌዎቹ ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ።

በመርፌና በመርፌ መካከል ልል መስመር እንደ መሰላል ከታየ፣ በየመርፌው ሁለተኛውን ዓይን ስትሠሩ ክሩን ሳብ አድርጉ። ሁሉም የመጀመሪያውን ነው የሚስበው። እሱ ግን ገና አልተያዘም፤ ሁለተኛው ሲሠራ ነው የሚጠብቀው።

7. አንገቱን አስረዝሙ።

ከመነሻው 15 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ቀጥ ብቻ ሥሩ። ይሄ የሚያዝናናው ክፍል ነው፤ እያወራችሁ የምትሠሩት። በዚህ ልኬት በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 44 ዙር አካባቢ ይገባል፣ ግን በእኔ ቁጥር አትተማመኑ። የራሳችሁን ቁጠሩና ጻፉት። ለሁለተኛው ካልሲ የሚያስፈልጋችሁ ሳንቲ ሜትር ሳይሆን የዙር ቁጥር ነው፤ ሜትር በአያያዝ ይለያያል፣ ቁጥር አይለያይም።

8. የተረከዙን ጀርባ ሥሩ።

ከዚህ በኋላ በ32 ዓይን ብቻ ነው የምንሠራው። ሌሎቹ 32 የእግሩ ፊት ይሆናሉ፤ ሁለት መርፌያቸው ላይ ዝም ብለው ይጠብቁ። 32ቱን አንድ መርፌ ላይ ሰብስቡና እየተመለሳችሁ ሥሩ፦

ፊት ለፊት መስመር፦ 1 አሳልፉ፣ 1 ቀጥ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ።
የጀርባ መስመር፦ ክሩ ከፊት ሆኖ 1 አሳልፉ፣ የቀረውን በሙሉ ግልብጥ።

ስታሳልፉ መርፌውን እንደ ግልብጥ አስገቡ፤ ዓይኑ እንዳይጠመዘዝ ነው። ሁለቱን እየደጋገማችሁ 32 መስመር ሂዱ፤ የመጨረሻው የጀርባ መስመር ይሁን።

የሚተላለፉት ዓይኖች ከኋላቸው ክር ስለሚያልፍ ጨርቁ ድርብ ይሆናል። ጫማ የሚበላው ቦታ ይሄ ስለሆነ ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ የሚተላለፈው ዓይን ደግሞ ጠርዙ ላይ የሰንሰለት መልክ ይሠራል፤ በየጎኑ 16 ሰንሰለት። ቁጠሯቸው። ደረጃ 10 የቆመው በነዚህ ላይ ነው።

9. ተረከዙን አዙሩ።

እንግዲህ ደረስን። የሚፈራው ይሄ ነው፤ 14 መስመር ብቻ ነው። የሚሆነው ነገር ቀላል ነው፤ መሐል ላይ ትንሽ ሠርታችሁ ትመለሳላችሁ፣ በየመስመሩ ከዳር አንድ አንድ ዓይን እየዋጣችሁ ትሰፋላችሁ። ጨርቁ መሐሉ ረዝሞ ዳሩ ስለሚያጥር እንደ ስኒ ጎድጎድ ይላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ቀጭን የሌላ ቀለም ክር በመስፊያ መርፌ በ32ቱም ዓይኖች ውስጥ አሳልፉ። ከተሳሳታችሁ መርፌውን አውጥታችሁ እስከዚያ ክር ድረስ ትፈታላችሁ፤ ከዚያ በታች አይወርድም። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ብዙ ማታ ከመበላሸት አድኖኛል።

መስመር 1፦ 1 አሳልፉ፣ 16 ቀጥ፣ ግራ ዘመም ቅነሳ፣ 1 ቀጥ። ሥራውን አገላብጡ። (12 ዓይን ሳይሠራ ይቀራል፤ ትክክል ነው።)
መስመር 2፦ 1 አሳልፉ፣ 3 ግልብጥ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ግልብጥ፣ 1 ግልብጥ። አገላብጡ። (እዚህም 12 ይቀራል።)
መስመር 3፦ 1 አሳልፉ፣ ክፍተቱ ጋ ለመድረስ 1 ዓይን እስኪቀር ቀጥ፣ ከክፍተቱ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለቱን በግራ ዘመም ቅነሳ አንድ አድርጉ፣ 1 ቀጥ። አገላብጡ።
መስመር 4፦ ልክ እንደ 3፣ ግን በግልብጥ።

3ኛውንና 4ኛውን በሁለቱም ዳር ያሉት ዓይኖች እስኪያልቁ ድገሙ። 18 ዓይን ይቀራል።

ግራ ዘመም ቅነሳ ማለት፦ ሁለት ዓይን አንድ በአንድ እንደ ቀጥ አሳልፉ፣ ግራውን መርፌ ከፊታቸው አስገቡ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቀጥ ሥሩ።

«ክፍተቱ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ባለፈው ጊዜ ያገላበጣችሁበት ቦታ ላይ በሁለት ዓይኖች መካከል ሰፋ ያለ ርቀት አለ። ሥራውን ትንሽ ሳብ ብታደርጉት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱን ካያችሁ መቁጠር አያስፈልግም።

በ56 ለጀመራችሁ፣ ተረከዙ 28 ዓይን ነው፤ መስመር 1 ላይ 16 ቀጥ የሚለውን 14 አድርጉት፣ መጨረሻ ላይ 16 ይቀራል። በ68 ለጀመራችሁ 34 ነው፤ መስመር 1 ላይ 18 ቀጥ፣ መስመር 2 ላይ 5 ግልብጥ፣ መጨረሻ ላይ 20 ይቀራል።

10. የጎን ዓይኖችን አንሱ።

በ18ቱ ላይ ቀጥ ሂዱ። ከዚያ በዚያው መርፌ በተረከዙ ጀርባ ጠርዝ ላይ ካሉት 16 ሰንሰለቶች አንድ አንድ ዓይን አንሱ፣ ከእግሩ ፊት ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ጨምሩ። 17 ይሆናል። የእግሩን ፊት 32 ዓይኖች ቀጥ ሥሩ። በወዲያኛውም ጎን 17 አንሱ፤ መጀመሪያ የጥጉን አንድ፣ ቀጥሎ 16ቱን። ከ18ቱ 9ኙን ደግሞ ቀጥ ሥሩበት። አሁን ዙሩ የሚጀምረው ከተረከዙ መሐል ነው።

ድምሩ 84 መሆን አለበት፦ መርፌ 1 ላይ 26፣ መርፌ 2 እና 3 ላይ 16፣ 16፣ መርፌ 4 ላይ 26።

ጥጉ ላይ የሚጨመረው ዓይን ለጌጥ አይደለም። በካልሲ ጎን ላይ የምታዩት ያ የታወቀ ቀዳዳ የሚፈጠረው እዚያ ነው። የተነሱትን ዓይኖች በሚቀጥለው ዙር ስትሠሩ ደግሞ መርፌውን ከጀርባቸው በኩል አስገቡ፤ ይጠመዘዙና ቀዳዳው ይዘጋል።

11. ጎኑን አጥብቡ።

የቅነሳ ዙር፦ መርፌ 1 ላይ 3 ዓይን እስኪቀር ቀጥ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቀጥ፣ 1 ቀጥ። መርፌ 2 እና 3 ቀጥ ብቻ። መርፌ 4 ላይ 1 ቀጥ፣ ግራ ዘመም ቅነሳ፣ የቀረው ቀጥ።
ቀጥሎ አንድ ዙር ያለ ቅነሳ።

10 ጊዜ ድገሙት፤ ወደ 64 ትመለሳላችሁ። ቅነሳው አንድ ዙር እየዘለለ የሚሆነው እግሩ ራሱ ከመታጠፊያው ወደ ፊት ቀስ እያለ ስለሚጠብ ነው። ተቸኩሎ በየዙሩ ከተቀነሰ መታጠፊያው ላይ ያንቃል።

12. እግሩን ሥሩ።

ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። እስከ መቼ? የጣቱ ክፍል 4.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። ካልሲው ደግሞ ከእግሩ 1 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር ይመረጣል። እግሩ 24 ከሆነ ካልሲው 23 ነው፤ ከተረከዙ ጫፍ 18.5 ሲደርስ ወደ ጣቱ እለፉ። ከተቻለ በባለቤቱ እግር ላይ ሞክሩት፤ የትንሿን ጣት ጫፍ ሲሸፍን ጊዜው ደርሷል።

13. ጣቱን አጥብቡ።

የቅነሳ ዙር፦ መርፌ 1 እና 3 ላይ 3 እስኪቀር ቀጥ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቀጥ፣ 1 ቀጥ። መርፌ 2 እና 4 ላይ 1 ቀጥ፣ ግራ ዘመም ቅነሳ፣ የቀረው ቀጥ። በአንድ ዙር 4 ዓይን ይቀንሳል።

አንድ ዙር እየቀነሳችሁ፣ አንድ ዙር ዝም ብላችሁ እየሠራችሁ እስከ 32 ውረዱ። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ቀንሱ፣ 16 እስኪቀር። መጨረሻው ላይ የሚቸኮለው ጣቱ እንዳይሾል፣ ክብ እንዲል ነው።

14. ጫፉን ዝጉ።

የመርፌ 1ን 4 ዓይኖች በመርፌ 4 ቀጥ ሥሯቸው። የመርፌ 2ንና የመርፌ 3ን ዓይኖች ደግሞ አንድ መርፌ ላይ ሰብስቡ። አሁን 8 ዓይን ከላይ፣ 8 ከታች አለ። 40 ሳንቲ ሜትር ክር አስቀርታችሁ ቁረጡና በመስፊያ መርፌው ላይ ሰኩት። ሁለቱን መርፌዎች ጎን ለጎን ያዙ፤ ክሩ የሚወጣበት ኋላ ይሁን።

ለመጀመር ብቻ፦ ከፊተኛው መርፌ የመጀመሪያ ዓይን እንደ ግልብጥ አስገቡ፣ ዓይኑን ግን አታውጡ። ከኋለኛው መርፌ የመጀመሪያ ዓይን እንደ ቀጥ አስገቡ፣ አታውጡ።

ከዚያ እስኪያልቅ፦ ፊት ላይ የመጀመሪያውን እንደ ቀጥ አስገብታችሁ አውጡት፣ ቀጣዩን እንደ ግልብጥ አስገብታችሁ ተዉት። ኋላ ላይ የመጀመሪያውን እንደ ግልብጥ አስገብታችሁ አውጡት፣ ቀጣዩን እንደ ቀጥ አስገብታችሁ ተዉት።

እኔ ድምፄን አውጥቼ ነው የምሠራው፦ «ፊት፣ ቀጥ ውጣ፣ ግልብጥ ቆይ። ኋላ፣ ግልብጥ ውጣ፣ ቀጥ ቆይ።» በዚህ ሰዓት ሰው ካነጋገራችሁ አትመልሱ። መሐል ላይ ከተቋረጠ የት እንደነበሩ ማወቅ ከባድ ነው። ክሩን በየዓይኑ አታጥብቁ፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በመርፌው ጫፍ ቀስ እያላችሁ አስተካክሉት። በትክክል ከሄደ ስፌቱ የት እንዳለ አይለይም፤ ጣትም አይቆረቁርም።

የቀሩትን የክር ጭራዎች በውስጥ በኩል በዓይኖቹ ሥር አሳልፉና ቁረጡ። አትቋጥሩ፤ ቋጠሮ ጫማ ውስጥ እንደ ጠጠር ነው።

15. እጠቡት፣ ሁለተኛውንም ጀምሩ።

ለብ ባለ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፉት። አትሹት፣ አትጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉና ዘርግታችሁ አድርቁ። ያኔ የተዛነፉት ዓይኖች ይስተካከላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ መለያው ላይ በማሽን ይታጠባል ካላለ በስተቀር ሱፍ፣ ሙቅ ውኃና መሸት አንድ ላይ ከተገናኙ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ይጠነክራል። ያ ካልሲ ተመልሶ አይሰፋም።

ሁለተኛውን ካልሲ የመጀመሪያው ባለቀበት ቀን ጀምሩ፤ መነሻውን ብቻ እንኳ ቢሆን። ክሩ አንድ ባለ 100 ግራም ጥቅል ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት በሚዛን 50፣ 50 አድርጋችሁ ብትከፍሉት፣ አንዱ ካልሲ የሌላውን ክር እንደማይበላ ታውቃላችሁ። ባለ ብዙ ቀለም ክር ከሆነ ሁለተኛውን ከዚያው ቀለም ላይ ጀምሩ፤ የተወሰነ ክር ይባክናል፣ መስመሮቹ ግን ይገጥማሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

አንድ ዓይን አምልጦ ወደ ታች ከወረደ አትደንግጡ፣ ሥራውንም አትሳቡ። በኪሮሽ መንጠቆ ያመለጠውን ዓይን ያዙና በላዩ ላይ እንደ መሰላል የተዘረጉትን ክሮች አንድ በአንድ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በሱ ውስጥ እየጎተታችሁ አውጡት። ከላይ ሲደርስ መርፌው ላይ መልሱት።

ቁጥሩ አልገጥም ካለ፣ በተለይ 63 ወይም 65 ከሆነ፣ ዓይን በመጨመር ወይም በመቀነስ አትሸፍኑት። ምክንያቱ ከታች አለ። ወይ ዓይን አምልጧል፣ ወይ ክሩ በስሕተት መርፌው ላይ ዞሮ አዲስ ዓይን መስሏል። ካልተገኘ አሁን የሸፈናችሁት ነገር ነገ ቀዳዳ ይሆናል።

ከእረፍት ስትመለሱ ሥራው በተቃራኒ አቅጣጫ መሄድ ይችላል። በክብ ሥራ ላይ ክሩ ሁልጊዜ ከቀኝ እጅ መርፌ ነው የሚወጣው። ከግራ ከወጣ አዙራችሁ ይዛችኋል። ዙሩን መሐል ላይ አታቁሙ የምለውም ለዚህ ነው።

የተረከዙ ጎኖች ላይ 16 ሳይሆን 15 ወይም 17 ሰንሰለት ካገኛችሁ ግን ይሄ የዓለም መጨረሻ አይደለም። በሁለቱም ጎን እኩል ቁጥር አንሱ፤ ቅነሳውን 64 እስኪሆን ቀጥሉ፣ ዙሩ አንድ ሁለት ከፍ ዝቅ ቢል እግር አያውቀውም።

ስትጠይቁ እንዲህ ጠይቁ

ከሩቅ ያለ ሹራብ ሠሪ ሊረዳችሁ የሚችለው የሚያየውን ያህል ነው። «ካልሲዬ ተበላሸ» የሚል መልእክት ብቻ ሲደርሰኝ መልሼ አምስት ጥያቄ መጠየቅ አለብኝ። ስለዚህ ሁለት ፎቶ ላኩ፦ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከውስጥ፣ ሁለቱም በቀን ብርሃን፣ ሥራው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ። መርፌዎቹን አታውጡ። ከፎቶው ጋር የክሩን ውፍረት፣ የመርፌውን ቁጥር፣ የጀመራችሁትን ዓይን፣ አሁን ያለውን ዓይንና ያላችሁበትን ደረጃ ጻፉ። መልስ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ምንም አትፍቱ። የተፈታ ስሕተት በፎቶ አይታይም።